የደረት ወረፋ

የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ቀን ሸዋ ሮቢት ከተማ ልጆች አስተምራለሁ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ወደ ቀወት ገጠር ወርጄ ገበሬዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ትምህርቱ የሚሰጠው በገበሬ ማኅበሩ ዳስ ሥር ነበር። ለየፊደሉ አንድ አንድ ቃል እየሰጠሁ ነው የማስጠናው። «ጠ» ላይ «ጠጅ» ስል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱም «መቼ ነው የሚያጠጡን?» አለኝ። «ጡ» ጋ ስደርስ ግን ጠመኔው እጄ ላይ ቆመ። አፌ ላይ የመጣልኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሲወለድ ከማንኛውም ነገር ቀድሞ የሚያውቀው። ከፊት ለፊቴ ደግሞ ከሴቶቹ መካከል አማቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። «ጡብ» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያ መንደር አንድም ጡብ አልነበረም። ቤቱ ሁሉ ጭቃና እንጨት ነው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው «ጡብ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ከሸክላ የሚሠራ ድንጋይ ነው» አልኳቸው። «ድንጋይ ሞልቶ ተርፎ ምን አስቸገራቸው?» አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ልቤ ረክቶ ነበር። ጨዋ ሰው አማቱ ፊት እንዲያ ያለ ቃል አይጽፍም ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ደገኛ ነኝ። ተመድቤ ወደዚያ ቆላ ስወርድ በሙቀቱ ምክንያት ከሰው ሁሉ ጋር የተጣላሁ ሰው ነበርኩ፤ በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ከቀበሌው ጓድ ሊቀ መንበር ይልቅ እኔ ነበርኩ የምነጫነጨው። ያስታረቀችኝ ባለቤቴ ናት፣ የቀወት ልጅ። እናቷ ባላቸው የሞተባቸው፣ ማሽላና ማሾ የሚያርሱ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። እኔ ልጃቸው የምሆነውን ሰው «አንቱ» ይሉኛል። እፊቴ እህል ቀምሰው አያውቁም። ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ሳለሁ እንኳ በልጃቸው በኩል ነው የሚያናግሩኝ፦ «እሳቸው ውሃ ይፈልጉ እንደሆን ጠይቂልኝ።» እኔም በባለቤቴ በኩል እመልሳለሁ። ይህን ወግ እወደው ነበር፤ ትልቅ ሰው ያደረገኝ ይመስለኝ ነበር።

ማሽላ በሚዘራበት ወቅት ባለቤቴ፣ «እማዬን ደረቷን እያመማት ነው» አለችኝ። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት የሳል ሽሮፕ ሰጥቷቸው ነበር፤ አልተሻላቸውም። አዲስ አበባ ይሂዱ ተባለ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች መንገድ አትችልም። የአማቴ ወንድሞች ከተማ አያውቁም። አዲስ አበባ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ዕጣው በኔ ላይ ወደቀ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ ሊቀ መንበሩ «ምናቸውን ነው?» አለኝ። «ደረታቸውን» አልኩት። ከንፈሩን መጠጠና «ነቀርሳ እንዳይሆን ብቻ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃታችን ስም አገኘ። ነቀርሳ በኛ ዘንድ ሁለት በሽታ ነው። አንዱ ሳንባ የሚበላው፣ ሳል ያለው፣ ከሰው ሰው የሚተላለፈው ነው። ሌላው ገላ ላይ የትም ቦታ እንደ ጠጠር የሚያበቅለው ነው። ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ደረት ካሉ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሳንባን ነው። ከቤት ኩባያቸው ተለየ። ለይተው ያስቀመጡትም ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ዝም ብዬ አየሁ።

በአውቶብስ ወጣን። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርድ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር፤ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ በጨለማው ሲያማትቡ እጃቸው ትከሻዬን ነካኝ። ወዲያው ሰበሰቡት። ኮቴን አውልቄ ልሰጣቸው አሰብኩ፣ ግን በማን በኩል ልስጣቸው? ባለቤቴ የለችም። ኮቱ እኔው ላይ ቀረ። እስከ አዲስ አበባ ሁለታችንም አንድ ቃል ሳንተነፍስ ደረስን።

ትልቁ ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለው ሰው ቀና ሳይል «ምናቸውን ነው?» አለኝ። «ደረታቸውን።» «ደረት በስተግራ፣ መጨረሻ።» ያ ነው ጥያቄውም መልሱም።

የደረት ወረፋ ረጅም ኮሪደር ነው። ሰው ሁሉ ይስላል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማይስሉት አማቴ ብቻ ነበሩ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «እማማ፣ እርስዎ አይስሉም እንዴ?» ስትላቸው ሰምቻለሁ። «ገና ነኝ መሰለኝ» አሏት፤ እንደ አዲስ ተማሪ አፍረው። ይህን ሰምቼ እንኳ ምንም አልጠረጠርኩም። የአማት ገላ በዓይነ ሕሊና አይታይም፤ ካንገት በታች ነጠላ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት አክታ ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ። አክታ ከየት ይምጣ? ያረፍንባት አክስቴ በርበሬ አምሳ በጭሱ አሳለቻቸው። ዓይናቸው እንባ እያቀረረ፣ ጉሮሯቸው እየተቃጠለ፣ የሌለ ነገር ፈልገው አወጡ። አንድም ቀን «ይሄ ነገር ለምንድን ነው?» አላሉም። ትልቅ ሐኪም ያዘዘውን አማች ያመጣት ሴት እንዴት ትጠይቃለች? ከዚያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ፤ ወደ ሮቢት እንመለሳለን፣ እንደገና እንወጣለን። አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ሐኪሙ ወደ ሰሜን ዘምቷል። መጨረሻ ላይ ራጅ ተነሡ። ማሽላው ሲዘራ የያዝነው ወረፋ ማሽላው ሲታጨድ አለቀ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ፈገግ አለ። «ነቀርሳ የለባቸውም። ሳንባቸው ንጹሕ ነው። እግዚአብሔርን አመስግኑ።»

አመሰገንን። ያን ቀን የነበረውን ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ወንድሞቻቸው ፍየል አረዱ። ታላቅየው ተነሥተው «እጅዎ ይባረክ፣ ከነቀርሳ ያወጡልን እርስዎ ነዎት» ብለው መረቁኝ። ጉበቱ ለኔ ቀረበ። ኩባያቸው ከሌላው ኩባያ ጋር ተመለሰ። አማቴ ከጓዳ ሆነው እልል ሲሉ ድምፃቸውን ሰማሁ። ኋላ ለልጃቸው የነገሯትን ነው ዛሬም የማልረሳው፦ ራጅ ማለት ልብስ የማያግደው፣ ሁሉን ነገር የሚያይ ዓይን ነው ብለው አስበው ነበር። «ማሽኑ እዚያም ቢሆን አይቶ ነበር፤ ካየ በኋላ ንጹሕ ናት ካለ እኔ ማነኝ?» ብለው ለማንም ያላሳዩዋትን እብጠት ትተዋታል።

ነገሩ የታወቀው ለፋሲካ ነው። ባለቤቴ እናቷን ገላ ልታጥብ ገብታ በሩን በርግዳ ወጣች። እጆቿ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ሕፃኑ ልጃችን ጭኔ ላይ ተኝቷል።

«ጡቷ ነው!» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። «ጡቷ ቆስሏል!»

«ደረቷን ነው ያልሽኝ!»

«ታዲያ ላንተ ለአማቿ ጡቷን አመማት ልበልህ? ምን ዓይነት ባለጌ አደረግኸኝ?»

«ሐኪሙ ፊት እንኳ እሳቸው አይናገሩም?»

«አንተ በሩ ላይ ቆመህ? በምን አፏ?»

ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር። በባለቤቴ ልናደድ ስል፣ ለአማች መባል ያለበትን ነው ያለችኝ። በአማቴ ልናደድ ስል፣ ጨዋ ሴት የምታደርገውን ነው ያደረጉት። ካርድ ክፍል ያለው ሰው የነገርኩትን ነው የሰማው። ሁላችንም በወጉ ነው የሄድነው፤ ወጉ ደግሞ ግራ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ወስዶ ከሚስሉት ጋር አስቀምጦናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ በሽታውን አልደበቅንም፤ አገር ሰምቷል። ቦታውን ነው የደበቅነው።

በማግስቱ እንደገና ወጣን። መንገዱን በሙሉ የማስበው ስለ አንድ መስኮት ነበር። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር፣ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ብርሃን ቃሉን በልቤ እያልኩት ሄድኩ። በልብ ቀላል ነው። ካርድ ክፍል ስንደርስ ያው ሰው፣ ያው መስኮት ነው። ከኋላዬ ወንድ ሴት ተሰልፏል። አማቴ እንደ ወትሯቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመዋል፤ እስትንፋሳቸው ይሰማኛል።

«ምናቸውን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁና የሆነ ነገር አልኩ። ምን እንዳልኩ እኔም አልሰማሁትም።

«ምን? ጮክ በል እንጂ ወንድሜ፣ ሰው ቆሟል!»

አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ የምጮህ ሰው ነኝ፤ ገበያ መሐል መፈክር ያስጮኹኝ ሰው ነኝ። ምላሴ ታሰረ። ከኋላዬ ያለው ሰው አጉረመረመ። «ደረታ...» ብዬ ጀመርኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያንኑ ቃል ጀመርኩ።

«ጡቴን ነው።»

ድምፁ ከኋላዬ ነው የመጣው። እኔ በነበርኩበት ስፍራ ሙሉ ድምፅ አውጥተው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። ወፈር ያለ፣ የእርሻ ሴት ድምፅ ነበር። «ግራ ጡቴን ነው፣ ልጄ። ቆስሏል። ጻፍልን።» ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን። እኔ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ በሳቸው ሳይሆን በራሴ አፍሬ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚቆሙት ሴት ቀድመውኝ ሄዱ፤ እኔ ተከተልኳቸው።

የተላክንበት ክፍል ወረፋ አጭር ነበር። አራት አምስት ሴቶች ብቻ። እዚያው ቀን ገቡ። ሲስተሯን «እዚህ ሰው አይበዛም?» ብላት፣ ደክሟት ሳቀች። «ይበዛ ነበር። ግማሾቹ ደረት ክፍል ሲስሉ ታገኛቸዋለህ» አለችኝ። እኔን ለመውጋት አላለችውም፤ ማን መሆኔን አታውቅም። ወጋኝ።

ሐኪሙ መርምሯቸው ሲያበቃ አስጠራኝ። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። «ምነው ቆያችሁ?» አለ፤ ቁጣ የለውም፣ ማወቅ ነው የፈለገው። እኔ አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

«ወረፋ ይዘን ነበር፣ ልጄ» አሉት።

አልዋሹም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ የሆስፒታሉን ወረፋ የወቀሱት መስሎት ይሆናል። እኔን እንደሸፈኑኝ ግን እኔ አውቃለሁ።

ትክክለኛው ወረፋም ቢሆን አልጋ የለውም ነበር። በዚያ ሰሞን ከሰሜን ቁስለኛ በብዛት ይገባ ነበር፤ አልጋ ሲለቀቅ ይጠራሉ ተባልን። በየማለዳው ሄጄ «ተለቀቀ?» እላለሁ። አልጋ የሚለቀቀው ሰው ድኖ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው፤ የቱ እንደሆነ ሳልጠይቅ «ተለቀቀ?» እያልኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ተለቀቀ። ጡታቸው ተቆርጦ ወጣ። ሐኪሙ ለብቻዬ ወስዶ «ብብታቸው ውስጥም ገብቷል፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ...» አለና የቀረውን ተወው። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ አውቶብሱ ደብረ ሲና ቆመ። አማቴ በመስኮት ቆሎ ተቀብለው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። እኔ ወዲያው ፊቴን ወደ ሌላው ወገን አዞርኩ። ሲበሉ እንዳላይ ነው፤ ወጋችን ነው። ቆይተው እጄን በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ፊትዎን አያዙሩ» አሉ። «ከእንግዲህ ምን ቀረን?»

ዞርኩ። እፊቴ ቆሎ ቆረጠሙ፤ አፈስ አድርገውም ሰጡኝ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ ልጄ ጥርስ አወሩኝ። ቀልደኛ ነበሩ፤ ለካ ቀልደኛ ነበሩ! ያን ሁሉ ዓመት በልጃቸው በኩል ስሰማቸው ቀልዱ እየቀረ ነው የሚደርሰኝ።

ሁለት ማሽላ አጨዱ። በሦስተኛው በሽታው ወደ ጀርባቸው ዞረ፤ ብዙም አልቆዩ።

በለቅሶው ቀን በወንዶቹ ዳስ ውስጥ ከወንድሞቻቸው ጎን ተቀመጥኩ። ንፍሮ ይዞራል። ከጀውሃ ማዶ የመጣ፣ ካሁን ቀደም አይቼው የማላውቅ ገበሬ አጠገቤ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናችሁ። ለመሆኑ ምን አመማቸው?» አለኝ።

ዳሱን አየሁት። ቄሱ አሉ፣ ወንድሞቻቸው አሉ፣ መንደሩ አለ። ቀና ብሎ የሚጠብቀኝ ፊት ሁሉ ጨዋ ነው።

«ደረታቸውን» አልኩት።

ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ፤ ቆሎውን ከእጃቸው ከበላሁ በኋላ። ቃሉ ሲወጣ እንኳ አላስቸገረኝም፣ እንደ ቅቤ ነው የወጣው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ንፍሮውን ቆረጠመ።

«አይ ደረት! የኛይቱም ከሰኔ ወዲህ ደረቴን ትላለች። ሳል ግን የላትም።»

«ሳል ከሌላትማ ምንም አይደል» አሉ ከወዲያ አንድ ሽማግሌ። «ብርድ ነው፤ ያልፍላታል።»

«እንዲያው ነው» አለ ሰውየው፤ ቅልል ሲለው ታየኝ።

ያ ቅልል ማለት ነው ያስፈራኝ። ጉበት የበላሁበት ቀን እኔም እንዲያ ቀሎኝ ነበር።

«ወንድሜ» አልኩት። «ደረታቸውን አይደለም። ዋሽቼዎታለሁ። ጡታቸውን ነው።»

ንፍሮ የሚያዞረው ሰው ባለበት ቆመ። ታላቅ ወንድማቸው ዞር ብለው አዩኝ። «ምን አልክ አንተ?» አሉኝ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ «አንቱ» ብለውኝ የሚያውቁ ሰው ናቸው። እስኪሞቱ ድረስም ወደዚያ ቃል አልተመለሱልኝም፤ አልፈርድባቸውም፤ የእኅታቸው አፈር ገና አልደረቀም።

«የጡት ነቀርሳ ነው» አልኩ። ፊቴ የሚነድ መሰለኝ፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ይሞቀኛል። «እኛ ደረት ብለን የደረት ወረፋ ያዝን። ከዘር እስከ አጨዳ ያለቀብን እዚያ ነው። ባለቤትዎን ዛሬ ሲገቡ ይጠይቋቸው፤ እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ይዩ። እዚያ ከሆነ አዲስ አበባ መስኮቱ ላይ ያንኑ ቃል ይበሉ። ሌላ ቃል ካሉ ሌላ ቦታ ነው የሚሰዱዎት።»

ሰውየው የያዘውን ንፍሮ ወደ ቁናው መለሰና ዱላውን አንሥቶ ተነሣ። ተከትዬው ወጣሁ፤ ዳሱ ውስጥ የምቀመጥበት ፊት አልነበረኝም።

«የጠዋቱ አውቶብስ ጀውሃን ስንት ሰዓት ያልፋል?» አለኝ።

«ሲነጋጋ።»

ጥቂት ሄደና ተመለሰ። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስኮቱ ላይ... ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነው የምለው?»

«ሰው ሁሉ እየሰማዎት።»

በማሽላው መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ጀውሃ ሲያቀና ከጎን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ዳስ ሥር ፊደል የሚያጠና ተማሪ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።